ቢት የገባበት ለቅሶ

የእናቴን ለቅሶ ዘፈን ሆኖ የሰማሁት እዚያው የራሴ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉር ቤቴ ኮልፌ፣ ከታክሲው ፌርማታ ጀርባ፣ በአንድ የብረታ ብረት ቤትና በአንድ የቅመም ሱቅ መሃል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ቅዳሜ ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ እጄ ፋታ የለውም። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልዬላት ካስክ ውስጥ ገብታ ስልኳን ትነካካለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ስለማይሰማው ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ እኔም ሰው ሁሉ የሚያየውን ቲክቶክ ሳልወድ አብሬ ስሰማ እውላለሁ። መጀመሪያ የመጣው ከበሮው ነው፣ ያ ደረት የሚመታው። ከዚያ አንዲት ሴት «ተነስ ልጄ፣ ረፍዷል ተነስ» አለች። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

«ተነስ፣ ተነስ፣ ተነስ» እያለ ድምፁ እየተቆራረጠ ወደ ላይ ወጣ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከበሮው እንደገና መጣ። ስልኩን ከልጅቷ እጅ ነጥቄ አየሁት። የማላውቃቸው ልጆች የሆነ ሳሎን ወለል ላይ ተዘርረው ተኝተዋል፤ «ተነስ» ሲል ሁሉም አንድ ላይ ብድግ ብለው ይጨፍራሉ። ደንበኛዬ ከካስኩ ብቅ ብላ «አሪፍ ናት አይደል? ዘንድሮ ሰርግ ቤት ሁሉ ይቺ ናት» አለችኝ። ምን ልበላት? ሴትዮዋ እናቴ ናት። ተነስ የሚባለውም ወንድሜ ነው፣ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም።

ሪሚክስ የምጠላ ሰው አይደለሁም፣ ይህን ቀድሜ ልናገር። ፀጉር ቤት ያለ ሙዚቃ ሬሳ ቤት ነው። ጧት በሩን ስከፍት ከመብራቱ በፊት የማበራው ስፒከሩን ነው። አባቶቻችን በሸክላ የሰሙትን ዘፈን ልጆቹ አፍጥነው፣ ድምፁን አቅጥነው፣ ቢት ጨምረው ሲያመጡት ደስ ይለኛል። የሰርጉ ዘፈን፣ የልጆቹ ጨዋታ፣ መንዙማው፣ መዝሙሩ፣ የቆራሌው ጥሪ ሳይቀር ቢት ገብቶበታል። ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ሆነው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔም ፀጉር እየሠራሁ ወገቤን እነቀንቃለሁ። ያ ሁሉ ድምፅ ከማን ጉሮሮ እንደወጣ ማንም አይጠይቅም።

እናቴ ግን ሌላ ሰው ናት። ከሸዋ ገጠር በልጅነቷ አዲስ አበባ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ነው ጌታን ያገኘችው፤ ከዚያ ወዲህ ለእሷ ዜማ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፣ መዝሙርና የዓለም። ወንድሜ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ከኋላ ወንበር ሥር ሻንጣ የሚያክል ስፒከር የገጠመ ጊዜ እጇን ጭና ጸልያበታለች። «ይኸ ዕቃ አንድ ቀን ንስሐ ይገባል» ትለው ነበር። እሱም የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዘፈኑን አጥፍቶ መዝሙር እያፏጨ ይገባል። እንደሚሸውዳት ታውቃለች፣ እንደምታውቅ ያውቃል። ቤታችን ውስጥ ከዚህ የባሰ ጠብ አልነበረም።

ወንድሜ እንቅልፍ ነፍሱ ነበር። በየቀኑ ጧት እናቴ በራፉ ላይ ቆማ «ተነስ ልጄ፣ ረፍዷል ተነስ» ትላለች። «እሺ እማ፣ አምስት ደቂቃ» ይላታል። ሄዳ ተመልሳ ትመጣለች። ብርድ ልብሱን ትገፈዋለች፣ ይጎትተዋል፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ቁርሴን እየበላሁ «ሃያ አራት ዓመት የሞላው ወንድ እኮ ነው፣ ተይው ይራበው» እያልኩ እነጫነጭ ነበር። አስኮ መንገድ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ባጃጁ ላይ የወጣበት ቀን ጧትም የቀሰቀሰችው እሷ ናት። ቶሎ ተነስቶ ነበር ያን ቀን።

ቀብሩ ላይ የቤተክርስቲያኗ መዘምራን መጡ፣ ዘመሩ። ሽማግሌዎቹም እናቴን ከበው በቀስታ አጽናኗት፤ የሚያምን ሰው ሲያለቅስ በልክ ነው አሏት። እሷም እንደተባለችው ሆነች። ከጧት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቃል ሳትተነፍስ ተቀመጠች። አስከሬኑ ሊነሳ ሳጥኑን ሲይዙት ግን ተነሳች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የተወለደችበት አገር ሴቶች የሚያደርጉትን፣ ልጅ ሆና አይታው በኋላ ኃጢአት ነው ብላ የተወችውን ሙሾ አወረደች። ቁመቱን አነሳች፣ ሳቁን አነሳች፣ ስፒከሩን እንኳ አነሳች። በየመሃሉ ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «ተነስ ልጄ፣ ረፍዷል ተነስ» ትለዋለች፣ ልክ እንደ ጧቱ። ሁለት የቤተክርስቲያን እህቶች ሊይዟት ሲሉ አንዲት የእድር እናት «ልቀቋት፣ ይውጣላት» ብለው ተቆጡ። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ እስላሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ድንኳን ተካዮቹ ሳይቀሩ።

የአጎቴ ሚስት ስልኳን አውጥታ ቀዳችው። ክፋት አልነበረባትም፣ ማንም ሰው እሷን እንዲወቅስ አልፈልግም። ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ አይለቋትም፣ ቢለቋትም ለቀብሩ አትደርስም። በእኛ ሰፈር ልጁን ዓረብ አገር ለላከ ቤተሰብ ለቅሶውን ቀድቶ መላክ ልማድ ሆኗል። መርዶ ብቻዋን ላለች ልጅ በስልክ አይነገርም። እዚያ ያሉ ያገር ልጆች በእረፍት ቀናቸው ተጠርተው፣ አንዷ ቤት ተሰብስበው፣ መሃል አስቀምጠው ይነግሯታል። ከዚያ የእናቷን ድምፅ ይከፍቱላታል፣ ከእናቷ ጋር አብራ እንድታለቅስ። እህቴም እንደዚያ ሆኖ ነው ያለቀሰችው። በኋላ ስትነግረኝ «የእማዬን ድምፅ ባልሰማ ኖሮ የሞተ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የቀዳነውን ከቴሌግራም ወስዳ፣ የሻማ ሥዕል አድርጋበት፣ ቲክቶክ ላይ ለጠፈችው። ወንድም ሞቶባት ቀብሩን ያላየች ሴት እንደሆነች ሰምቻለሁ። ከሥሩ የጻፈው ሰው ሁሉ የሚያለቅስ ፊት ነበር ያስቀመጠው። ታዲያ እዚያው ላይ ቢቀር ምን ነበረበት? አንዱ አነሳውና ቢት አስገባበት።

እናቴ እንዳትሰማ ያላደረግኩት ነገር የለም። ጎረቤቶቹን ለመንኩ፣ የአጎቴን ልጆች ስልካቸውን አስደበቅኩ፣ ሱቅ ልሂድ ስትል እኔ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ግን ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛች የቤተክርስቲያን እህት ልትጠይቅ ሄዳ በታክሲ ስትመለስ ዘፈኑን ከፈቱት። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ታክሲ ውስጥ እኔ አለሁ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ፣ ድምፄ ከጣሪያው ይመጣል። ረዳቱ በሩን እየደበደበ አብሮኝ ይላል። አጠገቤ ያለችዋ ልጅ ትስቃለች።»

ከፌርማታዋ በፊት ወርዳ በእግሯ ነው የመጣችው። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። «አስጠፊልኝ» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ቀጥላ ደግሞ «ለእህትሽ እንዳትነግሪ። ከእኔ ዘንድ ነው የወጣው ብላ እዚያ ብቻዋን ትሞታለች» አለችኝ። በዚያ ሰዓት የምትጨነቀው ለሌላዋ ልጇ ነበር። እኔ ደሜ ፈልቶ የማደርገውን አጣሁ።

ቤተክርስቲያን ውስጥም ወሬው ደርሶ ነበር። የእህቶች ጸሎት ላይ ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጠው እናቴ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። ሙሾውን ቀድሞም በደስታ አላዩትም፤ አሁን ደግሞ የራሳቸው ወጣቶች ልደት ላይ የሚጨፍሩበት ዘፈን ሆነ። አንዱ ሽማግሌ ቤት መጥተው ነገሩ እስኪበርድ ከጸሎት አገልግሎትሽ ትንሽ ብታርፊ አሏት። እሺ አለች። እኔ ግን በሩ ድረስ ሸኝቻቸው «የልጇን ሳጥን በጸጥታ መሸኘት የሚችል ሰው ካለ እርስዎ ይጀምሩ» አልኳቸው። አባቴ በሕይወት ቢኖር በጥፊ ይለኝ ነበር። አልተጸጸትኩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ወረዳ ነው። ደንብ የሚያስከብረው ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ ወንበር ሰጠኝ፣ አዳመጠኝ።

«ድምፁ ከፍ እያለ ነው የሚያስቸግራችሁ?» አለኝ።

«ከፍም ቢል ዝቅም ቢል የእናቴ ለቅሶ ነው።»

«ገብቶኛል እህቴ። ጭፈራ ቤት ሰፈር ቢረብሽ፣ ሱቅ ስፒከር ደጅ ቢያወጣ እንቀጣለን። የሚከፍቱት ምንድን ነው የሚለው ግን በእኛ አይታይም።»

ቀስ ብለው ከከፈቱት ሕግ አልጣሱም ማለት ነው። አመስግኜው ወጣሁ፤ እሱ ምን ያድርግ።

ቢቱን ያስገባውን ልጅ ሩቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ውጭ አገር የተቀመጠ አንዱ ይመስለኝ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር የራሱን ቅጽል ስም የሚያስጮህባት ቦታ አለች፤ ደንበኞቼን ስጠይቅ አንዷ «እሱማ የኛው ሰፈር ልጅ ነው» አለችኝ። ከፀጉር ቤቴ በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ከአንድ በርና መስኮት የሚሠሩበት ግቢ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የፍራሽ ስፖንጅ የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት አገኘሁት። ፊቱ ላይ ጢም እንኳ በደንብ አልወጣም። ዘፈን ላሠራ የመጣሁ መስሎት ወንበር ጠረገልኝ።

«ተነስ የምትለዋ ሴትዮ ማን ናት?» አልኩት።

«እ… የባህል ነገር ናት እህቴ። ከቲክቶክ ነው ያገኘኋት፣ ድሮ የተቀዳ መሰለኝ። እንዲህ አድርጎ የሚያለቅስ ሰው አሁን አለ እንዴ?»

አፉን በቆረጠው እንዳልል ልጅ ነው። ነገርኩት። የት እንደሞተ፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ ከዚህ ክፍል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነገርኩት። ያን ቀን ከዚህ ብትወጣ በጆሮህ ትሰማት ነበር አልኩት። ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ቆመ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ይቅርታ አለኝ፣ እውነቱን ነበር። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ምናልባት ምን እንደሚል ጠፍቶት ይሆናል፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሠራውን ያሳየኝ ጀመር። የእናቴ ድምፅ በቀለም በቀለም ተቆራርጦ ተደርድሯል። አንዷን «ተነስ» ቆርጦ ደጋግሞ ለጥፏታል።

«ማጽዳቱ ነው ያስቸገረኝ» አለ። «ከኋላ ብዙ ለቅሶ አለ። በተለይ አንዲት ሴት ትጮሃለች፣ እሷን ለማጥፋት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው እሱ ያለቀሰው። እኔ አላለቀስኩም፣ ማልቀስ የፈለግኩት ቤቴ ሄጄ ነው። እዚያው ፊቴ ከገጹ ላይ አጠፋው። ይሁን እንጂ እሱ ቢያጠፋም አልጠፋም፤ ሌሎች ከእሱ ወስደው አፍጥነውታል፣ አዘግይተውታል፣ ሌላ ሰው ራፕ ጨምሮበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንድ የዩቲዩብ የዘፈን ቻናል «የባህል ዜማ» ብሎ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። «አሁን እኔ ራሴ ብለጥፈው ሌባ ተብዬ ይወርድብኛል። ሠርቼ ሰረቁኝ እህቴ» አለኝ፣ ከልቡ ተበድሎ። አየሁት። ማን ማንን እንደሰረቀ እንዲያው ለአፍታ ቢያስብ ብዬ ጠበቅኩ። ካሰበም አልተናገረም። ግን ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ከተማ ውስጥ የፈጠራ ሰዎችን መብት የሚያይ ቢሮ አለ፣ የድምፁ ባለቤት ራሷ ቀርባ የእኔ ነው ካለች ቻናሉን ያስወርዱታል፣ ቻናሉ ከወረደ ሌሎቹም ይከተላሉ አለኝ።

እናቴን አሳምኜ ይዣት ሄድኩ። የእሁድ ልብሷን ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የሄደችው። የተቀበለችን ባለሙያ ደግ ሴት ነበረች፣ በእናቴ ዕድሜ ላለ ሰው እንደሚገባው ተነስታ ነው ያስቀመጠቻት። ስልኬን ተቀብላ ዘፈኑን በማዳመጫ ለብቻዋ ሰማችው፣ እናቴ እንዳትሰማ ብላ። ይህን መቼም አልረሳላትም።

«እናቴ፣ ድርሰቱ የእርስዎ ነው?» አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምኑ?»

«ግጥሙና ዜማው።»

«እኔ ግጥም አልገጠምኩም።»

«ቃሉ ግን ከእርስዎ ነው የወጣው?»

«ከእኔ ነው የወጣው። ልጄ ሞቶ።»

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች። ቀስ ብላ አስረዳችን። ለቅሶ የሚባል ነገር ሕጉ ውስጥ የለም፤ ያለው ሥራ ነው። ሥራ ባለቤት ይኖረዋል፣ ያዜመው ሰው ይኖረዋል። ቻናሉ ይህ የሕዝብ ዜማ ነው፣ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ ብሎ ቀድሟል። ለመቃወም እናቴ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ያዜምኩትም እኔ ነኝ ማለት አለባት።

«ዘፋኟ እኔ ነኝ ልበል ነው የምትይኝ?»

«ለሕጉ ያህል ነው እናቴ። ሕጉ ሌላ ስም የለውም።»

እናቴ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከዘፈን የሸሸች ሴት ናት። እኔ ግን ጉልበቷን በጉልበቴ ገፋሁት፣ በይ እሺ በይ ለማለት።  በመጨረሻ «እሺ፣ ይጥፋ እንጂ ዘፋኝ ልባል» አለች። ያቺን ቃል ለማውጣት ምን እንደከፈለች እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። እፎይ አልኩ፣ አለቀ ብዬ።

አላለቀም። ቻናሉ ድምፁ የእሷ አይደለም ብሎ መከራከሩ አይቀርም አለች ባለሙያዋ። ስለዚህ ድምፁን የሚያነጻጽሩ ባለሙያዎች አሉ፣ እነሱ እንዲያዩት እናቴ እዚሁ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ትንሽ መቀዳት አለባት።

«ረጅም አይደለም እናቴ፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ተነስ የሚለውን ቦታ ብቻ፣ እንደዚያን ጊዜው አድርገው ይበሉልን።»

ሴትዮዋ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ነገር ነው፣ የክብሪት ቀፎ ያህል። እናቴ አየችው፣ ቀጥላ ሴትዮዋን አየቻት። ቁጣ አልነበረም ፊቷ ላይ። የጠፋበትን ነገር የሚጠይቅ ሰው ነው የመሰለችኝ።

«ማን ሞቶ?» አለች።

 ባለሙያዋ አንገቷን ደፋች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ሴትዮዋን ሦስቴ ሳመቻት፣ «ተባረኪ ልጄ፣ ደከምሽልን» ብላ ወጣች። ተከትያት ወረድኩ። ታክሲ አልፈለገችም፤ ውስጡ ምን እንደሚከፈት አይታወቅማ። ብዙ መንገድ በእግራችን ሄድን። እኔ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ዘፋኝ መባልን እንኳ ውጣ፣ በሁለት መስመር እንዴት ትተወዋለች?

«ምን ነበረበት ብትያት? ሁለት ቃል እኮ ነው!»

መንገዱን ሳትተው እየሄደች መለሰችልኝ። «እዚህ ቢሮ ውስጥ በሉ ሲሉኝ ካልኩት፣ ያኛውም ውሸት ይሆናል። ያኛው ብቻ ነው የቀረኝ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቼባት አላውቅም።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው የቅመም ሱቅ የሀጂ ነው፤ ከእናቴ ጋር በጉርብትና የኖሩ፣ ወንድሜን በልጅነቱ በርበሬ ላይ ሲያስነጥስ እየሳቁ ያባረሩት ሽማግሌ ናቸው። ቢሮው እንዳልሆነልን ነገርኳቸው። በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። በየደጁ እየቆሙ «ይህ የጎረቤታችን ለቅሶ ነው፣ ዝጉት» አሉ፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በእሳቸው መስመር ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ዘጋው። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ግን አያውቋቸውም፣ እዚያ መከፈቱ ቀጠለ። ሀጂ ወደ እኔ መጥተው «አቅሜ እስከ አስፋልቱ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ካየኋቸው ቢሮዎች ሁሉ የሠራው የእሳቸው ነው።

በመጨረሻ ዘፈኑን ያጠፋው ሌላ ዘፈን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሰለቸውና ወደ አዲሱ ዞረ። ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ሌላ ነገር መክፈት ጀመሩ፣ ታክሲዎቹም እንደዚያው። ባለ ቢቱ ልጅ አንድ ቀን ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆሞ «ሞተ እኮ እህቴ፣ ማንም አይሰማውም አሁን» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። ሻይ ጋበዝኩት። ምን ላድርገው፣ ጥላቻዬም አብሮ ሰልችቶኝ ነበር።

በዚያ መሃል እድራችን አዲስ ደንብ አወጣ፤ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ስልኩን ድንኳኑ በር ላይ ላለችው ሴት ይሰጣል። ለእናቴ ሲባል ነው የወጣው፣ ሁሉም ያውቃል። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በኋላ ለመደው። ነገር ግን ስልኮቹ በር ላይ ቀርተውም ቢሆን አሁን ድንኳን ውስጥ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያለቅስም። አፉን በነጠላ ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ዝም ነው። እኚያ «ልቀቋት፣ ይውጣላት» ያሉት የእድር እናት ባለፈው ባላቸው ሲሞቱ እሳቸውም ዝም ብለው ነው የቀበሯቸው። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይህን እንደ መልካም ለውጥ ያዩታል። እኔ አንድ ነገር የተወሰደብን ይመስለኛል፣ ማን ወሰደው ብባል ግን የምጠቁመው ሰው የለኝም።

እህቴ ኮንትራቷ አልቆ የመጣችው ባለፈው ጥር ነው። እነዚያን ወራት ሁሉ በስልክ ስናወራ ስለ ዘፈኑ እኛም አንነግራት፣ እሷም አትጠይቀን። ሰምታው እንደሆነ አሁን ድረስ አላውቅም። ከቀብር በኋላ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሐዘኑን ይዞ ነው የሚገባው፤ በር ላይ ሲደርስ ይጮሃል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው እየጮኸ ይቀበለዋል፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይወጣል። ከኤርፖርት ይዣት ስመጣ የግቢያችንን በር ስታይ እጆቿን ከፍታ ሮጠች። እናቴ ከውስጥ ወጣች። ከሰዓት ነበር፣ ፀሐይ ግቢው ላይ ጥሩ አድርጋ ወጥታለች። እህቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና «ወንድሜን!» ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ የእናቴን ድምፅ ነው የሚመስለው፣ ቁርጥ እሱን።

እናቴ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት። እህቴ ለመላቀቅ ሞከረች፤ እናቴ በአንድ እጇ ጀርባዋን እያሻሸች በሌላው አፏን አጥብቃ ያዘች፣ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ። እናቴ ራሷ ታለቅስ ነበር፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ድምፅ ግን የለውም።

«ቀስ በይ ልጄ» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «ቀስ በይ፣ ይቀዱሻል።»

እህቴ ዝም አለች። ግቢው ውስጥ ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም።